በሥጋችን ውስጥ ያለው ማኅበርና ሙሴው፤ ስለ ስኳር ደዌ

ከጊንጪ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ደጋውን ይዞ የጀልዱ ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ጎጆ ያደርሳል። አገሩ ብርድ የሚጸናበት፥ ገብስና ድንች የሚመረትበት ነው። ከዚያ የወረደ አንድ ወጣት ገበሬና በአምቦ ከተማ በሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል አንድ ነጋዴ በአንድ ቀን በአንድ ሐኪም ቤት ደጃፍ ተገናኙ እንበል። ነጋዴው ዕድሜው ከ50 ያለፈ፥ ሰውነቱ የከበደ፥ ቦርጩ ወደ ፊት የወጣ ነው። ገበሬው ገና 20 ዓመት ያልሞላው፥ የጎድኑ አጥንት የሚቆጠር፥ ስኳርን በበዓል ቀን ከሻይ ጋር ካልሆነ በቀር የማያውቅ ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም መርምሮ ለሁለቱም «ደዌህ ስኳር ነው» ይላቸዋል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ለምሳሌ አቀረብናቸው እንጂ በስም የምናውቃቸው አይደሉም፤ እነርሱን የሚመስሉ ግን በአገራችን በየሐኪም ቤቱ ይገኛሉ።

ነጋዴው ቢያዝንም አይደነቅም፤ ከዘመዶቹና ከባልንጀሮቹ መካከል ይህ ደዌ ያገኛቸውን አይቶአል። የገበሬው ቤተ ሰብ ግን ነገሩን ማመን ያቅተዋል። ስኳር የባለጠጋ ደዌ ነው ሲባል ሰምተዋልና «ይህ ልጅ ምን በልቶ ነው?» ይላሉ። ልጁ እየከሳ፥ ሌሊት ሌሊት ለሽንት እየተነሣ፥ ውኃ ጠጥቶ የማይረካ ሲሆን አስቀድመው ያሰቡት ቡዳን ወይም ምችን ነበር። ይህም አሳብ ሳምንታትን ይፈጃል፤ ለእንዲህ ያለው ወጣት ደግሞ ሳምንታት ብዙ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ወር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ሁለቱ ሰዎች በአንድ ስም የተጠሩት ስለ ምን እንደ ሆነ፥ በውስጣቸው የተበላሸው ነገር ግን ስለ ምን አንድ እንዳልሆነ ለመግለጽ አስበናል። ነገሩ ጥቂት ጥልቀት አለው፤ ነገር ግን የጽዋ ማኅበር ለሚያውቅ ቤተ ክርስቲያናዊ ቤተ ሰብ ከቶ የሚከብድ አይደለም።

ደዌው አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ አርጤዎስ የተባለ ሐኪም የበሽተኛው ሥጋ ቀልጦ በሽንት የሚወርድ እስኪመስል ድረስ ሰውነቱ እንደሚያልቅ ጽፎአል። ይህ ሰው የቀጰዶቅያ ሰው ነበር፤ ቀጰዶቅያም ከእርሱ በኋላ ቅዱስ ባስልዮስ የተነሣበት አገር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የሕንድ ሐኪሞችም ጉንዳን በእንዲህ ያለው በሽተኛ ሽንት ላይ እንደሚሰበሰብ አስተውለው፥ ሽንቱ ጣፋጭ መሆኑን ከጥንት ጀምሮ ተናግረዋል። ይሁን እንጂ የደዌው ሥር በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደ ሆነ እስከ 1889 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ድረስ አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በስትራስቡርግ ከተማ የአንድን ውሻ ቆሽት ቢያወጡት ውሻው ወዲያው በስኳር ደዌ ተያዘ። በቋንቋችን የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ አባቶቻችን ንዴትን በቆሽት ላይ ሲያኖሩ ሊቃውንቱ ደግሞ የስኳርን ነገር አገኙበት።

ከዚያ በኋላ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በ1921 ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ማክላውድ በተባሉት መምህር ቤተ ሙከራ ውስጥ ከቆሽት ውስጥ መድኃኒቱን ለማውጣት ደከሙ። በጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. ሌናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ፥ ክብደቱ 30 ኪሎ እንኳ ላልሞላው፥ የመጀመሪያውን መርፌ ሰጡት። መድኃኒቱ ንጹሕ ስላልነበረ ብዙም አልጠቀመውም፤ መርፌው የተወጋበትም ቦታ መግል ያዘ። ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ሌትና ቀን ደክሞ መድኃኒቱን አጣራው፤ ልጁም በጥር 15 ቀን እንደ ገና ተወጋ፤ በደሙ ውስጥ ያለውም ስኳር ወረደ። በእኛ አቈጣጠር ሲታሰብ በሁለቱ መርፌዎች መካከል የዋለው በዓለ ጥምቀት ነው። ልጁም ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ፈልሳፊዎቹ የመብቱን ሰነድ እያንዳንዳቸው 1 ዶላር ብቻ ተቀብለው ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አስተላለፉት። ከእነርሱም መካከል ባንቲንግና ማክላውድ በ1923 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ይህ መድኃኒት ኢንሱሊን ይባላል።

ኢንሱሊን እንዴት እንደሚሠራ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ፈጅቶ የታወቀ ነው። ከምግብ የሚገኘው ስኳር በደም እየተጓዘ ወደ ጡንቻ፥ ወደ ጉበትና ወደ ስብ ሕዋሳት ይደርሳል። የጡንቻውና የስቡ ሕዋስ በሩ የተዘጋ ቤት ነው። ኢንሱሊን ከቆሽት የተላከ መልእክተኛ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ወደ ውስጥ ገብቶ በር አይከፍትም። በደጃፍ ቆሞ ያንኳኳል። በደጃፉ ላይ ተቀባይ የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ግማሽ አካሉ በውጭ፥ ግማሽ አካሉ በውስጥ ነው። መልእክተኛው የውጪውን ክፍል በያዘው ጊዜ የውስጡ ክፍል ይነቃል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ደጃፍ ላይ የተነገረው ቃል በጓዳ ላሉት ሠራተኞች እንዴት ይደርሳል?

እዚህ ላይ የጽዋ ማኅበርን እናስብ። ማኅበርተኞቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ጠላ ይጠምቃል፥ ሌላው ዳቦ ይጋግራል፥ ሌላው ዝክሩን ይከታተላል። ሁሉም በየቤቱ ሳለ ማኅበር የለም። ሰብስቦ በየቦታቸው የሚያስቀምጣቸው፥ ተራውን የሚያስታውሳቸው ሙሴ የሚባለው አለቃቸው ነው። ሙሴው በዚያ ሰዓት ራሱ አይጠምቅም፥ ራሱም አይጋግርም፤ ሥራው ማሰባሰብ ነው። እርሱ ከሌለ ግን ጠማቂውና ጋጋሪው ሳይገናኙ ቀኑ ይመሻል። በሕዋሳችንም ውስጥ ይህን የሚመስሉ ፕሮቲኖች አሉ። ራሳቸው ምንም የማይለውጡ፥ ምንም የማይሰነጥቁ፥ ነገር ግን ሠራተኞቹን ፕሮቲኖች በአንድ ስፍራ ይዘው የሚያገናኙ ናቸው። ቤት ሠሪ ግድግዳውን አቁሞ በማገር እንደሚያስተሳስረው፥ እነዚህም የሕዋሱን ሠራተኞች ስለሚያስተሳስሩ የማገር ፕሮቲኖች ብንላቸው ከግብራቸው የራቀ ስም አይሆንም።

ለኢንሱሊን መልእክት ዋናው ሙሴ አይ አር ኤስ-1 የሚባለው ፕሮቲን ነው። ሞሪስ ዋይትና ሮናልድ ካን የተባሉ ሊቃውንት ከባልንጀራቸው ጋር በ1985 በቦስተን ከተማ በጆስሊን የስኳር በሽታ ማዕከል ሲመራመሩ፥ ኢንሱሊን ተቀባዩን በነካ ጊዜ ወዲያው ምልክት የሚደረግበት አንድ ትልቅ ፕሮቲን እንዳለ አዩ። በ1991 ደግሞ ከአይጥ ጉበት አውጥተው ሙሉ ቅርጹን አነበቡት። በሰው አካል ያለው ከ1,200 የሚበልጡ አሚኖ አሲዶች የተሳኩበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ምልክቱ ፎስፌት የሚባለው ነገር ነው፤ እኛ ማኅተም ብንለው ይቀለናል። የነቃው ተቀባይ በአይ አር ኤስ-1 ሰንሰለት ላይ ታይሮሲን በሚባሉት አሚኖ አሲዶች ላይ ማኅተሙን ያትማል። ከዚያም ፒ አይ 3 ኪናዝ የሚባለው ሠራተኛ ያንን ማኅተም አይቶ ይመጣና ይጣበቅበታል፤ እርሱም በሕዋሱ ቆዳ ላይ አዲስ ምልክት ያዘጋጃል፤ በዚያም ምልክት ኤኬቲ የሚባለው ሌላው ሠራተኛ ይነሣል፤ ኤኬቲም ግሉት-4 የተባሉትን በሮች ከውስጥ አንቀሳቅሶ ወደ ሕዋሱ ጠርዝ ያወጣቸዋል። ስኳሩም በእነርሱ ይገባል። በጉበት ዘንድ ደግሞ ያው መልእክት «ስኳር ወደ ደም መልቀቅህን ተው» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ይህ ሁሉ ጉርሻችን ከጉሮሮአችን ከወረደ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈጸም ነው፤ የፈጣሪን ጥበብ ለማድነቅ ሰማይን ብቻ ማየት አያስፈልግም።

አሁን ወደ አምቦው ነጋዴ እንመለስ። የእርሱ ቆሽት ኢንሱሊን አላጣም፤ እንዲያውም ደዌው በሚጀምርበት ጊዜ ከጤነኛ ሰው የበለጠ ኢንሱሊን በደሙ ውስጥ ይገኛል። መልእክተኛው ቆሞ ያንኳኳል፥ ተቀባዩም ይሰማል፤ ነገር ግን ሙሴው እንደ ታዘዘው አይነሣም። ምክንያቱስ ምንድር ነው? በሆድ ዕቃ ዙሪያና በጉበት የተከማቸው ስብ ሲበዛ የሰውነታችን የቍጣ ሠራተኞች፥ ከእነርሱም ጄኤንኬ የሚባለው፥ ያለ ጊዜያቸው ይነሣሉ። እነርሱም በዚያው በአይ አር ኤስ-1 ላይ ማኅተም ያትማሉ፤ ነገር ግን ታይሮሲን በሚባለው ስፍራ ሳይሆን ሴሪን በሚባለው ስፍራ ነው። አንዱ ማኅተም «ኑ» ሲል ሌላው «አትምጡ» ይላል። ሁለቱም ማኅተሞች በአንድ ደብዳቤ ላይ ሲገኙ ሠራተኞቹ ግራ ይጋባሉ፤ በሩም ሳይከፈት ይቀራል። ሐኪሞች ይህን ኢንሱሊንን አለመታዘዝ ይሉታል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል ሊቃውንት በአይጦች ላይ የፈተኑትን ጥቂት እንጥቀስ። በ1994 አይ አር ኤስ-1 የሌላቸው አይጦች እንዲወለዱ ቢደረግ ሰውነታቸው ያነሰ፥ ኢንሱሊንም በሚገባ የማይታዘዝላቸው ሆኑ፤ ነገር ግን ቆሽታቸው ከወትሮው አብልጦ እየሠራ ስኳር ደዌ እንዳይዛቸው ጠበቃቸው። በ1998 የአይ አር ኤስ-1 ወንድም የሆነውን አይ አር ኤስ-2ን ያጡ አይጦች ግን በእውነተኛው የስኳር ደዌ ተያዙ፤ ያ ፕሮቲን ቆሽትንም የሚያበረታ ነበርና። ክፉውን ሠራተኛ የሚያሰባስብ የማገር ፕሮቲንም አለ። ጂፕ-1 የሚባለው ጄኤንኬን ከቀስቃሾቹ ጋር የሚያገናኝ ነው፤ በ2004 በወጣው ምርምር ይህን ፕሮቲን ያጡ አይጦች ስብ የበዛበት መኖ ቢሰጣቸውም ኢንሱሊንን አለመታዘዝ እንደ ሌሎቹ አልጸናባቸውም። ከሁሉ በኋላ የተመረመረው አይ ኪው ጋፕ-1 የሚባለው ታላቅ የማገር ፕሮቲን ሲሆን፥ ከአይ አር ኤስ-1 ጋር እንደሚተሳሰርና እርሱን ያጡ አይጦች ኢንሱሊንን የማይታዘዙ እንደሚሆኑ በ2017 ተገልጦአል። እንግዲህ ማሰባሰብ በራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ተሰበሰበ የሚለው ነው ነገሩን የሚለየው።

የነጋዴው ቆሽት መልእክተኛ እየጨመረ ይልካል፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ይደክማል፤ በዚያን ጊዜ ስኳሩ በደም ላይ ይከማቻል። ሰውየው ሳይበላ በማለዳ በተመረመረ ጊዜ በ1 ዴሲሊትር ደም 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም ያው ከተገኘ ስኳር ደዌ ነው ይባላል፤ የጤነኛው ከ100 በታች ነው። ሕመም የማይሰማው ስለ ሆነ ብዙ ሰው ዓይኑ እስኪፈዝ ወይም እግሩ እስኪቈስል ድረስ አያውቀውም። በመላው ዓለም በ2024 ከደዌው ጋር የሚኖሩ ጐልማሶችና ሽማግሎች 589 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ገምቶአል፤ ከእነዚህም የሚበዙት የነጋዴው ዓይነት በሽተኞች ናቸው።

በዚህ ስፍራ ልብ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ። ሰው በእግሩ ሲሄድ፥ ሲቈፍር፥ እንጨት ሲሸከም፥ የሚሠራው ጡንቻ እነዚያኑ የግሉት-4 በሮች ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ፥ በሌላ መንገድ ያወጣቸዋል። ይህ መንገድ በአይ አር ኤስ-1 በኩል አያልፍም። ስለዚህ ሙሴው እንቢ ባለበት ሰውነት እንኳ የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ስኳሩን ይቀበላል። ሐኪሞች ለከተማ በሽተኞቻቸው «በእግራችሁ ሂዱ» ሲሉ ስንፍናን ለመውቀስ ብቻ የሚሉት አይደለም፤ ያልተበላሸውን ሁለተኛ በር እያመለከቱአቸው ነው። ከቅዳሴ በኋላ በመኪና ወደ ቤቱ የሚመለስ የከተማ ምእመን መንገዱን በእግሩ ቢያደርገው እግሩ ብቻ ሳይሆን ደሙም ይጠቀማል። ጠላውንና ለስላሳውን፥ ሦስትና አራት ማንኪያ ስኳር የሚጨመርበትንም ሻይ መቀነስ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሜትፎርሚን የሚባለውም እንክብል ለዚህ ዓይነት በሽተኛ የሚሰጥ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ያደርጋል።

ለጎጆው ወጣት ግን ይህ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው፤ አንዳንዱም ይጐዳዋል። እርሱ ከማለዳ እስከ ማታ በእግሩ ሲሄድ የሚውል ነው፤ የሚቀንሰውም ስብ የለውም። በእርሱ ሰውነት ሙሴውም ማኅበርተኞቹም ዝግጁ ሆነው ተቀምጠዋል፤ የጠፋው መልእክተኛው ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን አይልክም፤ ወይም የሚልከው እጅግ ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የሰውነት መከላከያ ኀይል ተሳስቶ የገዛ ራሱን ቆሽት ሲያጠፋ ነው፤ ይህ አንደኛው ዓይነት ይባላል። ሁለተኛው ብዙ ክርክር የተደረገበት ነው። በ1955 በጃማይካ ደሴት ከሲታና ድኻ የሆኑ፥ ኢንሱሊን የሚፈልጉ፥ ነገር ግን ስኳራቸው እጅግ ከፍ ብሎ ሳለ እንኳ እንደ አንደኛው ዓይነት በሽተኞች ደማቸው በአሲድ የማይመረዝ ወጣቶች መኖራቸው ተጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ የስኳር ደዌ ብሎ ለብቻው መደበው፤ በ1999 ግን ማስረጃው አይበቃም ተብሎ ስሙ ከመዝገብ ወጣ። ስሙ ቢወጣም በሽተኞቹ አልጠፉም።

በአገራችን ይህን ነገር ዳግመኛ ያነሡት በጎንደርና በጅማ የሠሩ ሐኪሞች ናቸው። በእነዚያ ሁለት ሆስፒታሎች ዙሪያ ያለው የገጠር ሕዝብ ለመርፌና ለምክር ረጅም መንገድ በእግሩ ይጓዝ ስለ ነበረ፥ ነርሶች በየጤና ጣቢያው በሽተኞቹን በቅርብ የሚከታተሉበት ሥርዓት ተዘረጋ። በሥርዓቱም ውስጥ መዝገቡን ሲመለከቱ ከገጠር የሚመጡት አብዛኞቹ ወጣቶች፥ ከሲታዎች፥ ድኾችና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሆነው ተገኙ፤ የነጋዴው ዓይነት ደዌ ግን ይበልጡን በከተሜው ዘንድ ነበር። ዶክተር ሽታዬ አለሙና ባልንጀሮቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘው የስኳር ደዌ ጉዳይ እንደ ገና ሊከፈት አይገባምን ብለው በግልጥ ጠየቁ። በ2022 ደግሞ በሕንድ አገር በቬሎር የተደረገ ጥንቃቄ ያለው ምርመራ፥ እንዲህ ያሉት በሽተኞች ዋና ጉድለታቸው ኢንሱሊን ማጣት እንጂ ኢንሱሊንን አለመታዘዝ እንዳልሆነ አሳየ። በ2017 ዓ.ም. በባንኮክ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ይህን ደዌ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ሰየመው። ከጎንደር ገጠር የተነሣው ጥያቄ በ16 ዓመት ውስጥ በዓለም ጉባኤ መልስ ማግኘቱ ለአገራችን ሐኪሞች ክብር ነው ብለን እናምናለን።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት የስም አወጣጥ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በቤተ ሰብ መጽሔት ላይ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን ለከሲታው ወጣት «ስኳር አለብህና ምግብ ቀንስ» ቢሉት በረኀብ ላይ ረኀብ መጨመር ነው። ኢንሱሊኑም ለወፍራሙ ሰው በሚሰጠው መጠን ቢሰጠው፥ ሙሴው ፈጣን ታዛዥ ስለ ሆነና በማዕዱም ላይ የሚበቃ ምግብ ስለሌለ፥ የደሙ ስኳር ድንገት ወርዶ ሊገድለው ይችላል። አንደኛው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን ጥቂት ቀን እንኳ በሰላም አይውልም። ስለዚህ የከሳ፥ የሚጠማውና ሽንት የሚያበዛ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፥ ሌላውን ሁሉ ከመሞከራችሁ በፊት ደሙ ይመርመር። ጣትን ጥቂት ወግቶ ነጠላ የደም ጠብታ መውሰድ ብቻ ነው፤ መልሱም በዚያው ሰዓት ይታወቃል።

ስለ ጾም ጥቂት ቃል ሳንናገር ብናልፍ አንባቢዎቻችን ቅር ይሰኙብናል። ከዐቢይ ጾም 55 ቀን ጀምሮ በዓመቱ ውስጥ ያሉትን አጽዋማት የሚጠብቅ ቤት የስኳር በሽተኛ ሲኖረው ጭንቀት ይገባዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል የሚውጥ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ቢውል መልእክተኛው በባዶ ቤት ያንኳኳል፤ በደም ያለው ጥቂት ስኳር ሁሉ ወደ ሕዋስ ይገባና አንጎል የሚበላው ያጣል። ሰውየው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ የማይገባ ነገር ይናገራል፥ በመጨረሻም ይወድቃል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንዲህ የወደቀ ሰው ሲታይ ብዙ ጊዜ በቅርቡ ያሉት ርኩስ መንፈስ የያዘው መስሎአቸው ዙሪያውን ከብበው ይጮኻሉ። ገና መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፥ ወይም ማር ማላስ ይበቃዋል፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ካልተሻለው እንደ ገና ይደገምለታል፤ ሲነቃም ምግብ ይበላል። ነፍሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ማፍሰስ አይገባም፤ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ሥርዓታችን በዚህ ጉዳይ ጨካኝ አይደለም። ፍትሐ ነገሥቱ ስለ ጾም በሚናገርበት ክፍል ሕመምተኛውን ከጤነኛው ለይቶ ያየዋል። ስለዚህ በሽተኛው በልቡ እያመነታ ተሸሽጎ ከመብላት ወይም መድኃኒቱን ተሸሽጎ ከመተው ይልቅ፥ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለነፍስ አባቱ ደዌውን ገልጦ ይንገራቸው፤ ለሐኪሙም የጾሙን ሥርዓት ይንገረው። የጾም ምግብ ስለ ሆነ ብቻም ስኳር የለበትም ማለት አይደለም፤ እንጀራውም ዳቦውም ድንቹም በሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናሉ። ሽሮው፥ ምስሩና ጎመኑ ከእንጀራው ይልቅ ቢበዙ ይሻላል። በፋሲካ ማግስት የሚደረገው የማካካሻ አበላል ደግሞ ከጾሙ ይልቅ ነጋዴውን እንደሚጐዳው ብዙ ሐኪሞች የሚያዝኑበት ነገር ነው።

ስለ ጸበልም እንዲሁ። ወደ ጸበል ስፍራ ሰባት ወይም ዐሥራ አራት ቀን ሊሰነብት የሚሄድ በሽተኛ ኢንሱሊኑን ቤቱ ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ይዞ መሄዱ የእምነት ጉድለት መስሎ ይታየዋልና። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 በእንጦጦ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ፥ መድኃኒቱም ጸበሉም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለ ሆኑ ምእመናን ሁለቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ስለ ሐኪም ክብርና ስለ መድኃኒት ይናገራል። ያው ትምህርት ለስኳር መርፌም ያገለግላል። በእኛ አስተያየት በየጸበሉ ስፍራ ያሉ አገልጋዮች የሚመጣውን ሰው ስለ ክርስትና ስሙ ሲጠይቁት «የምትወስደው መድኃኒት አለን?» ብለው ቢጨምሩበት ብዙ ነፍስ ይተርፋል።

በመጨረሻ ስለ ኢንሱሊን አቀማመጥ እንናገራለን፤ በገጠር ቤት ማቀዝቀዣ የለምና። ያልተከፈተው ብልቃጥ በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የተከፈተው ግን ከፀሐይና ከእሳት ርቆ በቤት ውስጥ ለአራት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። ለሞቃት አገር የሚሆነው ዘዴ በሴቶቻችን እጅ ያለ ነው። አንድ ትንሽ የሸክላ እንስራ በትልቁ ውስጥ ይቀመጣል፥ በመካከላቸው ያለው ስፍራ በአሸዋ ይሞላል፥ አሸዋውም በየቀኑ ውኃ ይረጭበታል፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ እንስራ ውስጥ ይገባና በክዳን ይከደናል። በኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ሰፈር የሚታየውን ሙቀት አስመስሎ በ2021 የወጣ ምርምር ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ውስጥ ለአራት ሳምንት ኀይሉን እንደማያጣ አሳይቶአል። ጎጆና አካባቢዋ ደጋ ስለ ሆኑ ሙቀቱ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። በደጋ ይልቅ የሚያስፈራው በረዶ ነው፤ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ኀይል የለውም። ስለዚህ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አጠገብም ሆነ ውርጭ በሚገባበት መስኮት ላይ አይቀመጥ። ንጹሑ ኢንሱሊን ደፍርሶ ወይም ቅንጣት ይዞ ቢታይ፥ ነጩም ሲያነቃንቁት እኩል ካልተዋሐደ፥ ቀኑ ሳያልፍበትም ቢሆን ተጥሎ በሌላ ይለወጥ።